ገራ ሚርጋ

ባሌ ዓይኑ መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። እሱም አያውቅም፤ ቢያውቅም አይነግረኝም ነበር። እኔ የነቃሁት አንድ ቀን መፍቻ ሲመርጥ አይቼው ነው። መፍቻዎቹን ጆንያ ላይ ደርድሮ፣ አንድ አንዱን እያነሳ፣ ላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ጥፍር ይዳብሳል። ልክ ያልሆነውን ይመልስና ሌላ ያነሳል። ጊዜው እኮ ቀትር ነው፤ የነገሌ ቀትር ደግሞ ብርሃን የሚሰስት አይደለም።

«ምነው፣ ዛሬ ዓይንህ ፆም ነው እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ባሌ ለቀልድ ቀልድ የሚመልስ ሰው ነው። ካልመለሰ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሰውየው ከጎጃም በወታደርነት መጥቶ፣ እዚሁ ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ የመኪና ጥገና የተማረ ነው። ከጦሩ ሲሰናበት ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ገቡ፤ እሱ እኔን አግብቶ ስለነበር ቀረ። እኔ የዚሁ ልጅ ነኝ። አባቴ የሸዋ ወታደር፣ እናቴ ቦረና ነበሩ፤ ቤታችን ውስጥ በአማርኛ የተጀመረ ጠብ በኦሮምኛ ነበር የሚያልቀው። እሱ ግን ያን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ኖሮ ከኦሮምኛ የያዘው የወተትና የሥጋን ስም ብቻ ነው። ተማር ስለው «ሞተር ቋንቋ የለውም» ይለኛል። አይ የኔ ጌታ!

ጋራዥ ብለን የምንጠራው ግቢያችን ውስጥ ያለውን ትልቅ ግራርና ከሥሩ የተከልነውን የቆርቆሮ ጥላ ነው። በጃንሆይ ጊዜ በዚያ ቆላ መንገድ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ ያረጁ ነበሩ። ከአሬሮ፣ ከተልተሌ፣ ከፊልቱ ቆዳና ከብት ጭነው ይመጣሉ፤ መንገዱ ያደቃቸዋል፤ ከዚያ ግራሩ ሥር ሆዳቸውን ይከፈታሉ። ሾፌሮቹ ባሌን ያከብሩታል። «እሱ ያልሠራት መኪና የዳዋን ወንዝ አትሻገርም» ይባል ነበር። ሲባል ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል እንጂ ደስ ይለዋል።

እያባበልኩ፣ እየተቆጣሁ፣ ጦር ሰፈሩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አየና «ሞራ ነው፤ ግን ገና አልበሰለም። ሲበስል አዲስ አበባ ሄዶ ይገፈፋል» አለን።

«ማሽላ ነው እንዴ እስኪበስል የምንጠብቀው?» ብዬ ጮኽኩበት። ባሌ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

በመንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው። «ለሰው እንዳትነግሪ» አለ። ምክንያቱን ማስረዳት አላስፈለገውም። ዓይኑ ደከመ የተባለ መካኒክ አለቀለት፤ ማን መኪናውን ያምነዋል? ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም። ሥራ የፈቱ ጡረተኞች በየጠጅ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ሲያልቁ አይቻለሁ፤ የኔ ባል እንደዚያ ሲሆን ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ ደበቅን።

መደበቁ ለብዙው ሥራ ከባድ አልነበረም። ቡሎን ማጥበቅ ዓይን አይጠይቅም። ጆሮው ደግሞ ለጉድ ነው፤ መኪና ገና ከገበያው ማዶ ስትመጣ ምኗን እንዳመማት ይናገራል። የሚያስጨንቀን አንድ ሥራ ብቻ ነበር፣ እሱም የማርሾቹ ነገር ነው።

ሞተር ግንባሩ ላይ፣ ከሽፋኑ ሥር፣ ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች አሉት። ትንሹ ከታች፣ ትልቁ ከላይ ሆነው በጥርሳቸው ተያይዘው ይዞራሉ። ትንሹ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ ላይ ነው፤ ትልቁ ቫልቮቹን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዘንግ ያዞራል። ትንሹ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ትልቁ ላይ አንዲት መስመር አለች። ማርሽ ሲቀየር ነጥቧና መስመሯ ፊት ለፊት መገናኘት አለባቸው። አንድ ጥርስ ወዲያ ወይም ወዲህ ካለ ቫልቩ ያለ ጊዜው ይከፈታል፣ እሳቱም ያለ ጊዜው ይነሳል። መኪናዋ ወይ አትነሳም፣ ወይ ትራገጣለች።

ነጥቧና መስመሯ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ የተወጉ ስለሆኑ ባሌ በጥፍሩ ያገኛቸዋል። መግጠማቸውን ግን በዳበሳ እርግጠኛ መሆን አይችልም። እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው። ሻይ ይዤ እመጣለሁ። ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ልክ ከሆነ ብርጭቆውን ፊት ለፊቱ አስቀምጣለሁ። ትልቁ ማርሽ አንድ ጥርስ ወደ ቀኝ መሄድ ካለበት በቀኙ፣ ወደ ግራ ከሆነ በግራው አስቀምጥና በማንኪያው ብርጭቆውን ቃ አደርጋለሁ። እሱ ሰምቶ ያስተካክላል። ከዚያ «ይጠጡ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝብዎት» እለዋለሁ። ቤት ውስጥ አንተ ነው የምለው፤ በሰው ፊት ግን አንቱ ነበር፤ ሾፌሮቹ ፊት ክብሩ እንዲጠበቅ። ሰዉም «እንዴት ያለች ባሏን አክባሪ ናት!» ይል ነበር። ወይ ማክበር! በቀን ስንት ሻይ እንዳፈላ ያየልኝ የለም።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ያህል ኖርን። ማንም አልጠረጠረም።

ከዚያ የአንድ የፊልቱ ከብት ነጋዴ መኪና መጣች። ሰውየው ሐጂ ነበሩ፤ ሽበታቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ቁጣቸውም አጭር የሆነ። መኪናዋ እንግሊዞች ጥለዋት የሄዱት የጦር መኪና ናት። በሌላ መኪና ተጎትታ ገባች። ባሌ ራዲያተሩን አውርዶ የፊት ሽፋኑን ቢፈታው፣ ትልቁ ማርሽ ጥርሱ ረግፏል። የዚያች መኪና ትልቅ ማርሽ ብረት አይደለም፤ ድምፅ እንዳያሰማ ብለው ከተጨመቀ ጨርቅ ነው የሠሩት። ሐጂ ማርሹን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና «በሬ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጥርሱ ለጠላቴም አልሸጠውም» አሉ። አዲስ ማርሽ እስኪገኝ መኪናዋ ግራሩ ሥር ሰነበተች፤ ዶሮዎቼ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል እስኪጥሉ ድረስ።

አዲሱ ማርሽ የመጣ ቀን እኔ ቤት አልነበርኩም። ጦር ሰፈር ውስጥ የአንድ አምሳ አለቃ ሚስት አርፋ ለቅሶ ሄጃለሁ። ሐጂ ማርሹን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሾፌራቸውን አስከትለው፣ ሌሎችም ሰዎች ጨምረው በጠዋት ከተፍ አሉ። ሰማዩ ደመና ቋጥሯል። ዝናብ ከቀደማቸው የፊልቱ መንገድ ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። «አሁኑኑ ግጠምልኝ» አሉት። ባሌ ማርሹን ተቀብሎ በጥፍሩ ቢዳብሰው መስመሯን አጣት። በዚህኛው ላይ መስመሯ አልተወጋችም፤ በነጭ ቀለም የተቀባች ናት። ለጥፍር የምትሆን አይደለችም። «ቆዩኝ፣ ሚስቴ ከለቅሶ ትምጣና» የሚል መካኒክ ደግሞ የት አገር አለ?

ስለዚህ ሾፌሩን ጠራው። ሾፌሩ የአሬሮ ሰው ነው፣ ባለ ትዳር፣ የልጆች አባት። አማርኛው የመንገድ አማርኛ ነው፤ ግማሹን ሳይጨርስ ወደ ኦሮምኛ ይገባል። «ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባብኝ፣ እስቲ ነጭ መስመሯና ነጥቧ መግጠማቸውን እይልኝ» አለው ባሌ። ሾፌሩ አየ፤ የሚለውን አለ፤ ሐጂ ለራዲያተሩ ውሃ እንዲቀዳ ላኩት። ባሌ እንደተባለው ማርሹን በአንድ ጥርስ አዞረ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ሽፋኑን መለሰ።

እኔ ከለቅሶ ስመለስ የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ከመኪናዋ ሆድ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሾፌሩ ማኖቬላው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ የቀኝ እጁን አንጓ ይዞ ይወዛወዛል። ሞተሩን በማኖቬላ ሊያስነሳ ሲያዞር ወደኋላ ተራግጦ መታው። እሳቱ ያለ ጊዜው ሲነሳ እንዲህ ነው።

«ቀኝ ብያቸዋለሁ!» ይላል ሾፌሩ፣ እያቃሰተ።

«ግራ ነው ያልከኝ! በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!» ይላል ባሌ።

ጆሮውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሾፌሩም ሲያዩት ውሸታም አይመስልም። ግራ ገባኝ።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «አንተ፣ እንዳልከው አድርገህ ድገመው። እንዳታሳምረው፣ እንዳልከው!»

ሾፌሩ ወደ እኔ ቀና ብሎ «ገራ ሚርጋ ነው ያልኩት» አለ።

እኔ ለቅሶ ላይ መዋሌን ረሳሁ። ሳቄ መጣ፤ የመኪናዋን ጭራ ይዤ ሳቅሁ። «ሚርጋ» በኦሮምኛ ቀኝ ነው። «ገራ» ደግሞ ወደ ማለት ነው። ገራ ሚርጋ፣ ወደ ቀኝ። ግራ ማለት ቢፈልግ ገራ ቢታ ይል ነበር። የኔ ጎጃሜ ግን ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ወደ ግራ!

«ሚርጋውንስ ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«ማርሽ ማለቱ መስሎኛል» አለ። «ግራ፣ ማርሽ። ማርሹን ወደ ግራ ያለኝ መስሎኛል።»

ግራሩ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ አውካካ። አንዱ ለሌላው እየተረጎመ እንደገና ይስቃል። ባሌም ሳቀ። ሾፌሩ እንኳ በሕመሙ መሀል ፈገግ አለ። ቅቤ አምጥቼ እጁን እያሸሁ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእጁን እንሞክር» አልኩት። አንጓው አብጧል እንጂ አልተሰበረም።

እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ተመስገን እያልኩ ነበር። ነገ ገበያ ላይ የሚወራው ስለ ቃሉ ነው። መካኒኩ ለምን የራሱን ምልክት ራሱ አላየም ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሁለት ዓመት የለፋንበት ነገር በአንድ ቀልድ ተሸፈነ።

ያልሳቁት ሐጂ ብቻ ናቸው። ደመናውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሾፌሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«የጋቢናዋን ቁልፍ አምጣ» አሉት። «ቀኝና ግራውን በወጉ መናገር ያቃተው ሰው ከብቴን አይጭንልኝም። ሌላ ሾፌር አላጣም። አንተ አሬሮ ግባ።»

ሳቁ ቆመ። ሾፌሩ አልተከራከረም። ቁልፉን ከኪሱ በግራ እጁ አወጣ፤ ቀኙ አብጦ አይታጠፍም። በግራው ሲሰጣቸው አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ሐጂ፣ በግራ እጄ ነው» አለ። የተባረረው ያለ ጥፋቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አፌን ያዝኩ።

ባሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ነበር።

«ሐጂ፣ ቁልፉን ይመልሱለት» አለ። «ጥፋቱ የቃል አይደለም።»

«የምን ነው ታዲያ?»

«የዓይኔ ነው። ምልክቱን ማየት የኔ ሥራ ነበር። አላየሁትም። ላብ ገባብኝ ያልኩትም ውሸት ነው። ዓይኔ ሞራ ጋርዶታል።»

«አንተ ሰውዬ! አብደሃል?» ብዬ ጮኽኩ። አንቱ ማለቱ ጠፋኝ። እንባዬ መጣ፤ የሐዘን አይደለም፣ የንዴት ነው። ያን ሁሉ ሻይ አፍልቼ፣ ያን ሁሉ ጎንበስ ቀና ብዬ፣ በአንድ አፍታ ሜዳ ላይ ዘረገፈው። ሰዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱም ወደ ባሌ ፊት አላየም።

«የዛሬ ዓመት ያችን ሌላዋን መኪናዬን ማን ሠራት?» አሉ ሐጂ።

«እኔ ሠራኋት። ምልክቱን ያየችው እሷ ናት» አለ ባሌ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። ስቶ ከኔ ትንሽ ወደ ጎን ነው የጠቆመው።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ እህቴ፣ ነይና እይው» አሉኝ።

የለቅሶ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ሄድኩ። ባሌ ሽፋኑን እንደገና ፈታ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀድሞ ስህተቱ አንድ ጥርስ ብቻ ነበር፤ ወደ ግራ ስለዞረ አሁን ሁለት ሆኗል። ብርጭቆ የለም፣ ማንኪያ የለም። በሰው ሁሉ ፊት፣ በሙሉ ድምፄ «ሁለት ጥርስ ወደ ቀኝ!» አልኩ። ቀጥዬም፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ፣ «ሚርጋ!» አልኩ።

ያን ማርሽ ማስገባት ቀላል አይደለም። ጥርሶቹ ሰያፍ ስለሆኑ ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ዘወር እያለ ነው የሚገባው። ልክ ላይ እንዲያርፍ ከልኩ ትንሽ አስቀርቶ መጀመር ያስፈልጋል። ምን ያህል ማስቀረት እንዳለበት የሚያውቀው የባሌ እጅ ነው፤ እኔ አላውቅም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም። እሱ ገፋው፣ ማርሹ ዘወር አለ፣ ነጯ መስመር መጥታ ነጥቧ ፊት ቆመች። «ገጠመ» አልኩት። ሽፋኑን መልሶ ማኖቬላውን ራሱ ያዘ፤ እንዳይመታው ብዬ ልከለክለው ብል ገላመጠኝ። በሁለተኛው ዙር ሞተሩ ተነሳ። ጆሮውን ወደ ሽፋኑ ጠጋ አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

ሐጂ ቁልፉን መልሰው ሾፌሩ ግራ እጅ ላይ አኖሩት። እኔ አንጓውን በጨርቅ ጠፍሬ አሰርኩለት። ዝናቡ ሳይመጣ ሄዱ።

ግቢው ባዶ ሲሆን ተጣላሁት። «ለማታውቀው ሾፌር ብለህ የገዛ ጉሮሮህን ዘጋህ!» አልኩት። እየጮኽኩ ነው፤ ጎረቤት ይሰማ አይሰማ ግድ አልነበረኝም።

«እሱ እንጀራውን አጥቶ እኔ የምበላው የማንን እንጀራ ነው?» አለኝ።

ጩኸቴን ትቼ ሻይ ላፈላ ገባሁ።

ወሬው እንደፈራሁት ሮጠ። ከደንበኞቹ ገሚሱ ቀረ፤ ጦር ሰፈር አጠገብ ሌላ መካኒክ ነበር፣ ወደዚያ ሄዱ። ሌሎቹ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ሐጂም አልተዉም። አመጣጣቸው ግን ተለወጠ። ሾፌሮቹ «ዓይኑ» የሚል ስም አወጡልኝ፣ የሱ ዓይን ለማለት። ምን ልዋሽ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኛል። ሻይ አቅራቢ ከመባል ዓይን መባል ይሻላል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ ትንፋሹን ይይዛል፤ «ገጠመ» ስል ያጨበጭባሉ። ማርሹን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ገፍቶ ያስገባው ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ እጁን ይጠርጋል። ለእሱ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

አንድ ጠዋት ከተልተሌ የመጣ ሾፌር በሩ ላይ መኪናውን አቆመ። ባሌ ግራሩ ሥር፣ መፍቻዎቹን ጆንያው ላይ ደርድሮ ተቀምጧል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ በመስኮት ይታየኛል። ሾፌሩ ከመኪናው አልወረደም። በባሌ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ ቤቱ እያየ «ዓይኑ አለች?» አለ።

«አለች» አለ ባሌ።

ሾፌሩ መጠበቁን ቀጠለ፣ ወደ ቤቱ እያየ። ባሌ አንዱን መፍቻ አንስቶ ቁጥሩን በጥፍሩ ዳበሰና መለሰው።

«እኔም አለሁ» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ።

ቢላዋውን ጥዬ በሽንኩርት እጄ ወጣሁ። ሾፌሩ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ እጁን ዘረጋልኝ። እጄን አልሰጠሁትም።

«መጀመሪያ እሱን ሰላም በል» አልኩት።